አሮጌ ቤትን ስለ ማደስና ስለ ማስፋት፤ ያገለገለ የቤት መሥሪያ ዕቃ በንግድ ዓይን ሲታይ

ቤት ለባለቤቱ መጠለያ ብቻ አይደለም። ለነጋዴ ሱቁም፥ መጋዘኑም፥ ብድር ሲፈልግ ለባንክ የሚያቀርበው መያዣውም ነው። ስለዚህ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ቤቱ ሲጠብበት ወይም ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር፥ አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ይሻል እንደ ሆነ ወይም አድሶና አስፍቶ መጠቀም ይበልጥ እንደ ሆነ የሚወስነው እንደ ማንኛውም የንግድ ጉዳይ በምርመራና በሒሳብ ሊሆን ይገባል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዚህ የተለየ ነው። ግድግዳው ስለ ተሰነጠቀ ብቻ ቤቱ ይፈርሳል፤ ጥሩው እንጨት ለማገዶ ይሸጣል፤ ቆርቆሮው ለአጥር ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ ባለቤቱ ያንኑ ዓይነት ዕቃ በብዙ ገንዘብ ከገበያ ይገዛል።

ይህ አሠራር ዱሮም ቢሆን የማይጠቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ጉዳቱ ጨምሯል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ የበር ማጠፊያ፥ ቁልፍ፥ መስታወት፥ የኤሌክትሪክ ሽቦና ሌላውም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደሚከብድ አስመጪዎች በየዕለቱ ያዩታል። በአገር ውስጥ የሚሠራው ቆርቆሮና ፌሮ እንኳ ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ ከዚሁ ዋጋ አያመልጥም።

በሌላ ወገን በዚያው በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። አሮጌ ቤት በሚፈርስበት ቦታ ሁሉ ሞራሌው፥ ጣውላው፥ በሩ፥ ጥርብ ድንጋዩና ቆርቆሮው ወደ ገበያ ይወጣል። የዕቃውን ጠባይ የሚያውቅ ነጋዴ ከዚህ ይጠቀማል፤ የማያውቅ ግን የበሰበሰውን ከደኅናው ጋር አደባልቆ በመግዛት ይከስራል።

የአሮጌው ቤት አሠራር

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት የተሠሩት ቤቶች በአብዛኛው ከአካባቢው በተገኘ ዕቃ የተሠሩ ናቸው። መሠረታቸው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም የተያያዘው በጭቃ ነው። ግድግዳቸው ቋሚ እንጨት ተተክሎ፥ በማገር ተማግሮ፥ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። ባለጸጎች ያሠሩዋቸው ቤቶች ደግሞ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፥ ከመሬት ከፍ ያለ የጣውላ ወለል፥ ዙሪያውን የሚከብ የእንጨት በረንዳ፥ በላዩም የተፈለፈለ ጌጥ አላቸው። በእነዚህ ሥራዎች የአገሩ አናጢዎችና ግንበኞች፥ እንደዚሁም የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ተሳትፈዋል።

ቀድሞ ቆርቆሮ ከጅቡቲ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ነበር። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን ሣር ክዳኑን እየተካ በከተማው ሁሉ ተስፋፋ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የገባው የአውስትራልያ ተወላጅ ባሕር ዛፍም የቋሚና የማገር ምንጭ ሆነ። ከዚያ በፊት የነበሩትና ባለጸጎች ያሠሩዋቸው ቤቶች ግን ብዙውን ጊዜ ጽድና ዝግባ የገባባቸው ናቸው። ይህ ልዩነት ለገዢውም ለሻጩም ትልቅ ትርጉም አለው። የጽድ እንጨት ልቡ መዓዛማና ለምስጥ የማይበገር ነው፤ ዝግባ ምስጥን ባይቋቋምም ለበር፥ ለመስኮትና ለወለል እጅግ የተመቸ ቀጥ ያለ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ ግን ከመሬት ጋር በተገናኘበት በኩል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል።

ዛሬ የጽድና የዝግባ ጣውላ እንደ ቀድሞው አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፥ ዋንዛን፥ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከተጠበቁ ደኖች መቁረጥን የከለከለው ዛፎቹ እየተመናመኑ በመሄዳቸው ነው። ስለዚህ በአሮጌ ቤት ውስጥ ያለው ደረቅ የጽድ ሠረገላ ሁለተኛ የማይገኝ ሀብት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለማገዶ የሚሸጠውም ሰው ይህንን ሀብት በከሰል ዋጋ መለወጡ ነው።

ስለ ጽናታቸው ማስረጃ የሚፈልግ ሰው የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል ሊመለከት ይችላል። ሆቴሉ ከመቶ ዓመት በላይ እንግዳ ተቀብሏል። በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ከፊሉ ቢጎዳም ከዚያ በኋላ ሥራውን ቀጥሏል። የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል መኖሪያ የነበረው ቤትም የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ እንደሚያገለግል የታወቀ ነው። አሮጌ ቤት ከተጠበቀ ለሌላ አገልግሎት መዋል እንደሚችል እነዚህ ያስረዳሉ።

ከመወሰን በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

አሮጌ ቤትን የሚገድለው ዕድሜው ሳይሆን ውኃ ነው። ውኃውም በሦስት መንገድ ይገባል። አንደኛው ከላይ በተበሳ ቆርቆሮ፤ ሁለተኛው አሸንዳ ከሌለው ጣራ ወርዶ ከመሬት እየነጠረ የግድግዳውን እግር በመምታት፤ ሦስተኛው ከመሬት በታች በመሠረቱ በኩል ወደ ላይ በመሳብ ነው። እርጥበት ባለበት ምስጥ ይከተላል፤ ምስጥ በገባበትም ቋሚው እንጨት ከውጭ ደኅና መስሎ ውስጡ ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የቋሚዎቹን እግር ማየት ይገባዋል። ከወለሉ አጠገብ ልስኑን በትንሹ አንሥቶ እንጨቱን በቢላዋ ጫፍ መውጋት ነው። ቢላዋው ጥቂት ብቻ ገብቶ ከቆመ እንጨቱ ደኅና ነው፤ እንደ ቅቤ ከገባ ግን ቋሚው መለወጥ አለበት። ቋሚ ስለ ተበላ ብቻ ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም። ጣራውን በድጋፍ ይዞ፥ የተበላውን ጫፍ ቆርጦ፥ በድንጋይ ወይም በአርማታ እግር ላይ ማሳረፍ የቆየና የተፈተነ ዘዴ ነው።

ቀጥሎ ስንጥቁ ይታያል። በልስኑ ላይ ብቻ የሚታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የሚያሰጋ አይደለም። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሠረቱ በአንድ ወገን መስጠሙን ያመለክታል። ይህ በተለይ በመረሬ አፈር ላይ በተሠራ ቤት ይደርሳል። መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም በየዓመቱ ያነሣዋል፥ ይጥለዋል። በስንጥቁ ላይ ቀን የተጻፈበት የኖራ ምልክት አድርጎ አንድ ክረምትና አንድ በጋ መጠበቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ምልክቱ ካልተሰነጠቀ መስጠሙ ቆሟል ማለት ነው፤ ከተሰነጠቀ ግን መሐንዲስ ሳያዩት ምንም ሥራ ሊጀመር አይገባም።

ጭቃ፥ ኖራና ሲሚንቶ

በእድሳት ሥራ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት የጭቃን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ነው። ሲሚንቶ ጠንካራ ስለ ሆነ ጥበቃ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፥ መልሶም ለአየር ይሰጣል፤ ከወቅቱም ጋር ጥቂት ያብጣል፥ ይኮማተራል። በላዩ የተለሰነው ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፤ የገባውም ውኃ መውጫ አጥቶ ጭቃውን ከውስጥ ያረጥባል፥ እንጨቱንም ያበሰብሳል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል። ባለቤቱም ጭቃው መጥፎ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ጥፋቱ ግን የልስኑ ነበር።

ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው ልስን ከጭድ ጋር በሚገባ የተቦካ ጭቃ፥ በላዩም የኖራ ልስን ወይም የኖራ ቀለም ነው። ኖራ ከተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ይገኛል፤ በውኃ ሲበርድና ግድግዳ ላይ ሲውል ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ከሲሚንቶ ይልቅ ለስላሳ ስለ ሆነ ከግድግዳው ጋር ይንቀሳቀሳል፤ እርጥበትንም ያስተነፍሳል። ያልበረደ ኖራ በውኃ ሲነካ በኃይል ይፈላልና ሠራተኛው ዓይኑንና እጁን እንዲጠብቅ ማድረግ ግዴታ ነው።

በዚህ ላይ የማገዶው ወጪ አለ። ኖራ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲቃጠል የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ ግን ወደ 1,450 ዲግሪ ይደርሳል። በዓለም ላይ ከሰው ሥራ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 8 እጅ ያህሉ ከሲሚንቶ ሥራ እንደሚመጣ ይገመታል። ጭቃ ግን ምንም እሳት አይፈልግም። ከአሮጌ ግድግዳ የፈረሰ ጭቃ ተፈጭቶ፥ ውኃ ጠጥቶ፥ አዲስ ጭድ ገብቶበት እንደ ገና ይቦካል። ዋጋው የቦኪው ጉልበት ብቻ ነው። ይህ ሲባል ሲሚንቶ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ለአርማታ፥ ለመጸዳጃ ቤትና ውኃ ለሚበዛበት ቦታ ተገቢው እርሱ ነው። ነገር ሁሉ በቦታው ሲውል ይጠቅማል ለማለት ነው።

ከዚህም ጋር አንድ የንግድ ምሥጢር አለ። በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ድንጋይና ሸክላ ጡብ ቤቱ ሲፈርስ ሳይሰበር ይላቀቃል፤ በመዶሻ ጫፍ ተጠርጎም እንደ ገና ይሸጣል። በሲሚንቶ የተገነባ ግን ከሲሚንቶው ጋር ተሰባብሮ ፍርስራሽ ይሆናል፤ ለመሙያ ካልሆነ በቀር ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራውም ቤት ወደ ፊት ዕቃውን ይመልስ ወይም አይመልስ እንደ ሆነ የሚወሰነው ድንጋዩ በተያያዘበት ነገር ነው።

ያገለገለ ዕቃ ስለ መምረጥ

በመርካቶ ምናለሽ ተራ፥ በየሰፈሩም ቆራሌው በሚሰበስበው ዕቃ መካከል፥ ጥሩውና መጥፎው ተደባልቆ ይገኛል። ለመለየት የሚረዱት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ እንጨት። በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ፥ ከመጠኑ አንጻር የሚከብድ፥ ዱቄት የማያራግፍ እንጨት ደኅና ነው። ያገለገለ እንጨት ከአዲስ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ለብዙ ዓመታት ስለ ደረቀ አይጣመምም፥ አይሰነጠቅም። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግን በር ከሆነ በኋላ ተጣሞ አልዘጋም ይላል። ያገለገለ እንጨት ወደ መጋዝ ከመግባቱ በፊት ምስማሩ ሁሉ መነቀል አለበት፤ አንድ የተደበቀ ምስማር የመጋዝ ጥርስ ይሰብራል፥ ሠራተኛንም ያቆስላል። ማግኔት በእንጨቱ ላይ ማሳለፍ ለዚህ ይረዳል።

2ኛ/ ቆርቆሮ። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ቁጥር ሲገለጽ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 28 ከባለ 35 ይወፍራል። ብዙ አሮጌ ቆርቆሮዎች ወፍራሞች ስለ ሆኑ ዕድሜያቸው ገና ነው። ገዢው ወደ ፀሐይ አንሥቶ ቀዳዳውን ይቁጠር፤ የቀይ ዝገት ብናኝ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ይተወው። የምስማር ቀዳዳ ብቻ ያለበትን ቆርቆሮ ቀዳዳውን ከላይኛው ቆርቆሮ መደራረቢያ በታች በማስገባት ወይም በላስቲክ ቀለበትና በሬንጅ በመድፈን መጠቀም ይቻላል።

3ኛ/ በርና መስኮት። ክፈፉ ዐራት ማዕዘን መሆኑ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በገመድ ይለካል፤ ሁለቱ ርዝመቶች እኩል ከሆኑ አልተጣመመም። አሮጌ የናስ ማጠፊያና መቀርቀሪያ ተጠርጎና ዘይት ጠጥቶ ከብዙ አዳዲስ ዕቃዎች ይበልጣል። ግንበኛው ቀዳዳውን በበሩ ልክ እንዲሠራ በሩና መስኮቱ ግንቡ ከመጀመሩ በፊት ተገዝተው መገኘት አለባቸው። ያገለገለ ዕቃን በመጠቀም ሥራ ውስጥ ትልቁ ደንብ ይኸው ነው፤ ዕቃው ቀድሞ ይገዛል፥ ፕላኑም በዕቃው ልክ ይነሣል።

4ኛ/ ፈጽሞ ሊገዙ የማይገባቸው። ታጥፎ የተቃና ፌሮ የቤት ሸክም ለሚሸከም ቋሚና አግዳሚ አርማታ አይሁን፤ ለማቅለጫ ፋብሪካ ይሽጡት። አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋኑ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ የእሳት መነሻ ነው። አስቤስቶስ ያለበት የሲሚንቶ ጣራ ሲሰበርና ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሳንባን የሚጎዳ ስለ ሆነ ማንም እንዳይነካው፥ እንዳይሸጠውም ያስፈልጋል። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን መፋቅና ማቃጠል አይገባም፤ ብናኙ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል።

ማስፋት እንዴት ሊሆን ይገባል

አሮጌው ቤት ብዙ ዓመት ተቀምጦ አፈሩን ረግጦ ጨርሷል፤ አዲሱ ክፍል ግን ገና ይሰጥማል። ሁለቱን እርስ በርስ አቆላልፎ መገንባት አንዱ ሌላውን እንዲቀድደው ማድረግ ነው። ስለዚህ አዲሱ ግድግዳ ከአሮጌው ጋር ሳይቆላለፍ ጎን ለጎን ቆሞ፥ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሚለጠጥ ነገር ተደፍኖ በጣውላ ሊሸፈን ይገባል። መሠረት ሲቆፈርም ከአሮጌው መሠረት በታች በአንድ ጊዜ መውረድ አደገኛ ነው፤ የግድ ከሆነ በአጭር በአጭሩ እየተቆፈረ፥ እየተገነባም መሄድ አለበት።

በጣራ በኩል ደግሞ የሁለቱ ጣራ ውኃ በመካከል በሚገኝ ሸለቆ እንዳይሰበሰብ መጠንቀቅ ነው። ማፍሰስ የሚጀምረው ምንጊዜም እዚያ ነው። የአዲሱ ክፍል ጣራ ከአሮጌው ክንፍ በታች ገብቶ ወደ ውጭ ቢያዘቀዝቅ ይሻላል።

የፀሐይን አካሄድ ማወቅም ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ነው። ሌሊቱ በሚበርድባቸው በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይዋ በስተ ደቡብ ዝቅ ስለምትል ወደ ደቡብ የተከፈተ መስኮት ያለ ማገዶ ቤቱን ያሞቃል። የምዕራብ ፀሐይ ግን ከሰዓት በኋላ ጠልቆ ስለሚገባ ክፍሉን ከማጋሉም በላይ በሱቅ መስኮት የተሰቀለውን ጨርቅ ቀለም ያስለቅቃል፤ የዘይትና የቅቤ ዕቃም ያበላሻል። ስለዚህ የምዕራቡ ወገን መስኮት ትንሽ ሆኖ በረንዳ ሊከልለው ይገባል። የቀድሞ ሠሪዎች ቤቱን በበረንዳ የከበቡት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ግድግዳውን ከዝናብ፥ ሰውንም ከፀሐይ ለመጠበቅ ነው። በረንዳውን ዘግቶ ክፍል ማድረግ ቦታ የሚጨምር ቢመስልም ይህን ሁሉ ጥቅም ያሳጣል።

ሒሳቡ

ለምሳሌ ያህል 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ አሮጌ ቤት በስተ ጀርባው 6 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ይጨመርበት ቢባል፥ ስፋቱ ከ48 ካሬ ሜትር ወደ 72 ካሬ ሜትር ያድጋል። አዲሱ ክፍል የሚያስፈልገው ሦስት ግድግዳ ሲሆን ርዝመቱ በጠቅላላው 14 ሜትር ነው። ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን 42 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ለበርና ለመስኮት 6 ካሬ ሜትር ሲቀነስ 36 ይቀራል። ይህ በብሎኬት ቢሠራ ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ከግማሽ ብሎኬት እየተቆጠረ 450 ብሎኬት ይፈልጋል፤ የሚሰበረው፥ መገንቢያው ሲሚንቶና አሸዋ፥ የማመላለሻውም ኪራይ ገና አልተቆጠረም። ቤቱ በሙሉ ቢፈርስ ኖሮ ግን የቀድሞው 48 ካሬ ሜትር ግድግዳ፥ ወለልና ጣራ ወጪ ሁሉ በዚህ ላይ ይጨመር ነበር። በማደስ የሚድነው ገንዘብ ይኸው ነው።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ግን የመግዣው ዋጋ ብቻ አይታይ። ከ100 ሞራሌ 20ው የማይረባ ቢሆን የቀሩት የ80ው እያንዳንዳቸው ዋጋ በሩብ ይጨምራል። በዚህ ላይ የማጓጓዣው፥ የምስማር መንቀያውና የማስተካከያው ጉልበት ይታከል። ድምሩ ከአዲሱ ዕቃ ዋጋ ካነሰ ይገዛል፤ ካልሆነ ይቀራል። ያገለገለ ስለ ተባለ ብቻ ርካሽ ነው ብሎ ማመን ስሕተት ነው። ሆኖም በዚህ ሒሳብ አብዛኛው ወጪ የሚውለው ለውጭ ምንዛሬ ሳይሆን ለአገር ልጅ ጉልበት መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

የጣራው ውኃም ከሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ከነክንፉ 90 ካሬ ሜትር የሆነ ጣራ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ግድም ዝናብ በሚዘንብበት በአዲስ አበባ 108 ሺህ ሊትር ይቀበላል። ከመቶ 20 እጁ ይባክናል ቢባል እንኳ ከ86 ሺህ ሊትር በላይ ይተርፋል። ይህም 5,000 ሊትር የሚይዝ በርሜል 17 ጊዜ ይሞላል። ዝናቡ በአብዛኛው በክረምት ስለሚወርድ ሁሉንም ማጠራቀም ባይቻልም ለልብስ፥ ለጽዳትና ለአትክልት የሚበቃውን መያዝ ይቻላል። አሸንዳው ሲሰቀል ደግሞ የግድግዳው እግር ከነጠብጣብ ይድናል፤ አንድ ወጪ ሁለት ጥቅም ያስገኛል።

ስለ ፈቃድና ስለ ሕግ

አንድ ቆርቆሮ ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር መጣራት አለበት። የመጀመሪያው ባለቤትነት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በብዙ አሮጌ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩት ተከራዮች ናቸው። ተከራይ ያለ አከራዩ ፈቃድ ቢያሰፋ ገንዘቡን በሰው ቤት ላይ ማፍሰሱ ነው። ሁለተኛው ቦታው በከተማው ፕላን ለመንገድ ወይም ለሌላ ሥራ የተያዘ አለመሆኑን ከክፍለ ከተማው ማረጋገጥና የግንባታ ፈቃድ ማውጣት ነው፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለአዲስ ሕንጻ ብቻ ሳይሆን ለማስፋፊያና ለለውጥ ሥራም ጭምር ነው። ሦስተኛው ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን የማደስ ሥራ አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ አዝዟል። ላኪዎችም ሊያስታውሱት የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸው አዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ስለሚከለክል የተፈለፈለ አሮጌ በር ወይም መስኮት ለባሕር ማዶ ገዢ ከመዋዋል በፊት መጠየቅ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ለነጋዴው የሚከፈት ሥራ

የእድሳት ሥራ ከአዲስ ግንባታ የተለየ ዕቃ ይፈልጋል። ባለ ሱቁ ምስማርና ሲሚንቶ ብቻ ከሚደረድር የበረደ ኖራ፥ አሸንዳና መያዣው፥ የቆርቆሮ ላስቲክ ቀለበት፥ የእንጨት ብሎን፥ የተልባ ዘይት፥ የምስጥ መከላከያና ምስማር መንቀያ ቢያስቀምጥ ገዢ አያጣም። ከእነዚህ መካከል ኖራውና ዘይቱ ከአገር ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው። አስመጪው ደግሞ የውጭ ምንዛሬውን በአገር በማይሠሩት፥ ለምሳሌ በመጋዝ ስለት፥ በጥሩ መሣሪያና ደረጃውን በጠበቀ የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ቢያውለው ይሻላል።

ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ሰውም ንግዱ እንዲከበርለት ከፈለገ ዕቃውን እንደ አዲስ ዕቃ ሊይዘው ይገባል። እንጨቱን በዓይነቱና በርዝመቱ ለይቶ፥ ምስማሩን ነቅሎ፥ ከመሬት ከፍ አድርጎ ከጣራ በታች ይደርድር፤ ቆርቆሮውን በውፍረቱና በጤንነቱ በሦስት ደረጃ ይክፈል። ተለይቶ የተደረደረ ዕቃ ከተከመረው ይልቅ በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፤ ገዢውም ጊዜውን ስለሚቆጥብ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ዕቃው ከየትኛው ቤት፥ ከማን እንደ ተገዛ በመዝገብ ጽፎ ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል። በዚህ ገበያ የተሰረቀ ዕቃ ሊገባ ስለሚችል መዝገብ የሌለው ነጋዴ የሌባው ተባባሪ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ መዝገብ ያለው ግን ራሱንም ገበያውንም ያስከብራል።

እንግዲህ አሮጌ ቤት ሁሉ ይዳን ማለት አይቻልም። መሠረቱ የሚሰጥም፥ ቋሚው ሁሉ የተበላ፥ ወይም ቦታው ለሌላ ሥራ የተያዘ ቤት ይፈርሳል። ቢሆንም ማፍረስም ራሱን የቻለ ሥራ ነውና በመዶሻ ከመጣል ይልቅ ከጣራው ጀምሮ ቁልቁል፥ ዕቃውን ሳይሰብሩ አንድ በአንድ መፍታት ይገባል። የሚድን ቤት ግን ጣራው ተከድኖ፥ እግሩ ከውኃ ተጠብቆ፥ ግድግዳው ከሚስማማው ነገር ተለስኖ፥ አዲሱ ክፍል በጥንቃቄ ቢጨመርለት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ንብረት ይሆናል። ባለቤቱ ይህን ሲያደርግ ገንዘቡን ያድናል፤ አናጢውና ግንበኛው ሥራ ያገኛል፤ አገሪቱም ለቆርቆሮና ለብረት የምታወጣው የውጭ ምንዛሬ ይቀንሳል።